አንገት ላይ ያለ ድንጋይ

በአንድ የቪዲዮ ጌም መጨረሻ ምክንያት ሰው ሊሞት ይችላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ዛሬ ግን የወንድሜን ግራ እጅ ባየሁ ቁጥር አምናለሁ። እስቲ ቁጭ በሉና ላውራችሁ፤ ሳወራ የሚያቋርጠኝ ሰው አልወድም።

ያኔ የጦር ሠራዊት ግዴታዬን ገና የጨረስኩ፣ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ ዶራ በሚባለው ሰፈራችን ሱፐርማርኬት ገንዘብ መቀበያው ላይ የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ወርቅነሽ ነው። ትምህርት ቤት ዘሃቫ አሉኝ፤ በዕብራይስጥ ያው ወርቅ ማለት ነው። ለሁለቱም አቤት እላለሁ። ምላሴ ረጅም፣ ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ጌም ላይ ደግሞ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አስለቅሻለሁ። እማዬ «ሴት ልጅ ሆነሽ ተኩስ ምን ያደርግልሻል?» ስትለኝ «ጦሩ ሲወስደኝ ለምን እንዲህ አላልሽም?» እላት ነበር።

የምንጫወተው ሚቅላት ውስጥ ነው። ሮኬት ሲመጣ ሰፈሩ የሚሸሸግበት፣ ከመሬት በታች የተሠራ መጠለያ ነው፤ ሮኬት በማይኖርበት ጊዜ የወጣቶች ክበብ አድርገውልን ነበር። ወፍራም የብረት በር፣ አሮጌ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተንጠለጠለ የእሳት ማጥፊያ አለ። አራት ነበርን፦ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ኤሊ፣ የኤሊ ጓደኛ ባራክ፣ ከክፋር ዮና የሚመጣው የአክስታችን ልጅ ናታን።

ኤሊና ባራክ አንድ ላይ ነው ያደጉት። አባዬ ፋብሪካ የሌሊት ተራ ሲገባ ኤሊ የሚያድረው እነባራክ ቤት ነበር። ለሁለቱም ብስክሌት ያስተማሯቸው የባራክ አባት አያ ታከለ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ሲወድቁ አያነሷቸውም ነበር። «ተነሥ፤ መሬት ሸክም አይከብዳትም» ብቻ ይሏቸዋል።

ጌሙ በአማርኛ ብንጠራው «ዳርቻ» ማለት ነው። የሰው ዘር ሁሉ አልቆ የቀረው አንዲት የጠፈር መርከብ ውስጥ ነው፤ አንተ የበሯ ጠባቂ ነህ። ጠላቶቹ የሰው መልክ እየለበሱ ይመጣሉ። ተዋግተህ ተዋግተህ፣ ጓደኞችህን ሁሉ ቀብረህ መጨረሻው ላይ ስትደርስ፣ በረጅሙ ድልድይ ላይ አንድ ሰው የመሰለ ነገር አጎንብሶ ይመጣል። የሆነ ነገር ተሸክሟል። ጨለማ ስለሆነ ምን እንደሆነ አይለይም። ያኔ ሦስት ምርጫ ይሰጡሃል፦ ተኩስ፣ ክፈት፣ ወይም ዝም በል። የትኛውንም ብትመርጥ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ አንድ ትንፋሽ ይሰማል፣ በቃ አለቀ። ማን ነበር? ምን ተሸክሞ ነበር? መልስ የለም። የሠሩት ሰዎችም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉም።

የዓለም ተጫዋች በኢንተርኔት ሲሰዳደብበት ከረመ፤ እኛም ሚቅላታችን ውስጥ ከረምን። ኤሊ «ክፈት» ባይ ነው፤ ቁስለኛ ተሸክሞ የመጣ ነው ይላል። ባራክ «ተኩስ» ነው፤ የተሸከመው ቦምብ ነው። ናታን የባራክ ወገን ነው፣ ምክንያት አትጠይቁት። እኔ «ዝም በል» ነኝ። ናታን «ሦስተኛው የፈሪ ነው» ሲለኝ «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እማዬ ትፈልገኛለች» እለው ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ያኔ ወታደር የነበሩት ኤሊና ባራክ ለሰንበት ፈቃድ ከጦሩ መጡ። ከሥራ ወጥቼ ሚቅላት ስወርድ ባራክን አየሁት፤ ልክ አልነበረም። ከስቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሰላም ስለው በአገጩ መለሰልኝ። ኤሊ ጌሙን ከመጨረሻው ጀመረና ያ ሰው ድልድዩ ላይ ብቅ ሲል አቆመው።

«እስቲ አረማመዱን እይ፣ አሂ» አለ። እኛ ጋ ጓደኛ ሁሉ አሂ ነው፤ ወንድሜ ማለት ነው። «ሊገድል የሚመጣ ሰው እንዲህ አንገቱን ይደፋል?»

«ልክ እንደዚህ ነው የሚመጣው» አለ ባራክ።

«በምን ታውቃለህ?»

«አውቃለኋ! አንተ ኬላ ላይ ቆመህ ታውቃለህ? የሚመጣው ሁሉ ልብሱ ሥር ምን እንደያዘ ሳታውቅ፣ ጣትህ ቃታው ላይ ሆኖ ውለህ ታውቃለህ? አንተ የጦሩ ኩሽና ውስጥ ድንች ስትልጥ ነው የምትውለው።»

ናታን በሳቅ ሞተ። ኤሊ ሲሳቅበት አይወድም፤ የቤታችን በሽታ ነው።

«ዳይ! ይብቃችሁ» አልኩ።

«እኔ ድንች ልላጥ» አለ ኤሊ ፈገግ ብሎ። «ግን ሌሊት እንደ ሕፃን እየጮህኩ እናቴን አልቀሰቅስም። እናትህ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች።»

ወይኔ ወንድሜን! ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ልይዘው በወደድኩ። ባራክ የያዘውን መጫወቻ ቀስ አድርጎ ሶፋው ላይ አስቀመጠው። ተነሣ። የሚወጣ መስሎኝ እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኩት። ግድግዳው ጋ ሲደርስ የእሳት ማጥፊያውን አወረደ፣ ዞረ፣ በሁለት እጁ አንስቶ የወንድሜን ጭንቅላት በቀኝ በኩል መታው።

ድምፁን አልነግራችሁም። ኤሊ አልጮኸም። ከሶፋው ወደ ወለሉ ተንሸራተተ፣ እግሩ ለብቻው ይንፈራገጥ ጀመር፣ ከጆሮው ደም ወጣ። ባራክ ደግሞ ሊመታ አነሣ። ናታን ከኋላ ዘሎ አንገቱን ያዘውና ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቁ፤ ስክሪኑ ተሰባበረ። እኔ የሥራ ሸሚዜን አውልቄ የኤሊ ጭንቅላት ላይ ጫንኩት። ሙቅ ነበር። ሸሚዙን አልፎ በጣቶቼ መሐል ይመጣል።

ባራክ ከወደቀበት ተነሥቶ ኤሊን አየው። ከዚያ የእሳት ማጥፊያውን አየው፤ ማን እጄ ላይ አስቀመጠው የሚል ይመስል ነበር። «ኤሊ?» አለ ቀስ ብሎ። ናታን አፍንጫው እየደማ «ሞትህ ነው! አባትህንም አልምርም!» ብሎ ሲነሣበት፣ በብረቱ በር ወጥቶ ሮጠ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ራስ ቅሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገሩን፤ ከፍተው አፈሰሱለት። «ጠብቁ» አሉን እንጂ ይድናል አላሉንም። እማዬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ እኔ ሳለቅስ ስታይ «ዝም በይ! በቁሙ አታልቅሺበት፣ ሟርት ነው» ብላ ተቆጣችኝ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ልብስና ምግብ እንድናመጣ አባዬ እኔንና እማዬን ወደ ቤት ላከን። ሕንፃችን መግቢያ ላይ ናታንና ሁለት ወንድሞቹ ቆመዋል። ናታን አፍንጫው አብጦ፣ እጁ ላይ የውኃ ቧንቧ ብረት ይዟል።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አልኩት።

«ባራክ ስልኩን አጥፍቷል። መቼም ከቤቱ መውጣቱ አይቀርም። ኤሊ አለቀለት ይላሉ፣ እውነት ነው?»

«አፍህን ያዝ! ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሰፈሩ ሁሉ።»

እማዬ ሰምታ እንዳልሰማች አልፋ ደረጃውን ወጣች። እኔ ልብሱን ሰብስቤ ቦርሳ ተሸክሜ ስወርድ ነው ያየሁት።

አያ ታከለ በመንገዱ መሐል ይመጣሉ። ብቻቸውን ናቸው። ያ ረጅም ሰውዬ ታጥፈው፣ ፊታቸው ወደ መሬት፣ ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ግራጫ ድንጋይ አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ቆፍሮ ከከመረው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው። በሁለት እጃቸው ደግፈውታል። መኪና ሲያጮህባቸው እንኳ ቀና አላሉም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ምን እንደሆነ አላወቅኩም። እዚሁ ነው የተወለድኩት። የማውቀው ድንጋይ የሚወረወረውን ብቻ ነው። ናታንም እንደኔው ነው።

«ድንጋይ ይዞ መጣ!» ብሎ ጮኸ። «ልጁ አልበቃው ብሎ አባትየው ሊጨርሰን መጣ!»

ሮጠባቸው። «ናታን!» አልኩ፣ ግን ብረቱ ቀድሞኛል። የመጀመሪያው ቀኝ ክንዳቸው ላይ ነበር፤ ሲሰበር እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት። ድንጋዩ በትከሻቸው ተንሸራቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም አብረውት ወደቁ። ሁለቱ ወንድሞቹ በጫማ ሆዳቸውን፣ ጎናቸውን ይረግጡ ጀመር። አያ ታከለ አልተከላከሉም። ከአፋቸው ደም እየወጣ «ልጆቼ... ልጆቼ...» ይላሉ እንጂ እጃቸውን እንኳ ወደ ፊታቸው አላነሡም። ቦርሳውን ጥዬ አንደኛውን በፀጉሩ ጎተትኩት፤ በክርኑ ደረቴን ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ።

«በሕግ አምላክ!»

የእማዬ ድምፅ ነው። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ደረጃውን በባዶ እግሯ ወርዳ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ አያ ታከለ ላይ ጣለችው፣ እሷም ተከትላ ወደቀችባቸው። ናታን ብረቱን አንሥቶ ነበር። የእማዬ ጭንቅላት ከሥሩ ሆነ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምታ! ምታ እንጂ፣ ምን ቆመሃል?» አለችው።

«አክስቴ፣ ድንጋይ ይዞ ነው የመጣው! ሊፈነክተን!»

«የት ነበር ድንጋዩ? በእጁ አንሥቶት ነበር?»

«አንገቱ ላይ—»

«አንገት ላይ ያለ ድንጋይ ማንን ይፈነክታል፣ አንተ የማታውቅ? አስታርቁኝ ብሎ ነው! ደም ያለበት ሰው አገራችን እንዲህ ነው የሚመጣው። የተበደለው ሰው ድንጋዩን ካላነሣለት ቀና አይልም። ሽማግሌ ቀድሞት ይመጣል፤ ብቻውን ቢመጣስ በብረት ይቀበሉታል? አዋረድከኝ፣ ናታን። አባቶቼን አዋረድክ።»

ናታን የያዘውን ብረት አየው። ባራክ የእሳት ማጥፊያውን ያየበትን ዓይን እሱ ፊት ላይ አየሁት። ብረቱ ከእጁ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

አያ ታከለ ከነጠላው ሥር ወጡ። ቀኝ ክንዳቸው ተንጠልጥሏል። የሚቆሙ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ ድንጋዩ ሄዱ። በአንድ እጃቸው ሊያነሡት ሞከሩ፤ አንከባለሉት፣ ጉልበታቸው ላይ አወጡት፣ ተንሸራተተባቸው። ደግሞ ሞከሩ። ደማቸው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይተዉት አባባ፣ አምቡላንስ ልጥራ» አልኳቸው።

«ልጄን ጧት በእጄ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ» አሉ ሳያዩኝ። «ያ የመንግሥት ነው። ይሄ የናንተ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰንበት ይውጣ አሉኝ፤ ልጁ ከሞተ ግን በምን ፊት እመጣለሁ ብዬ ብቻዬን መጣሁ። እህቴ ስንዱ፣ ድንጋዬ ወድቋል። ሳልጠይቅሽ ወድቋል። አንሺልኝ፣ ልጄ፣ አንገቴ ላይ መልሺልኝ።»

ስንዱ እማዬ ናት፤ አንሺልኝ የሚሉት ግን እኔን ነበር። እማዬን አየኋት። በዓይኗ አዎ አለችኝ።

ድንጋዩን አነሣሁት። ኧረ እንዴት ከባድ ነው! ያን እንዴት ከቤታቸው ድረስ እንዳመጡት አላውቅም። በጉልበታቸው ተንበርክከው አንገታቸውን ደፉልኝ፣ ማጅራታቸው ላይ አስቀመጥኩትና እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ያዝኩት። የደም ሥራቸው ሲመታ በድንጋዩ በኩል የሚሰማኝ መሰለኝ።

እማዬ ፊታቸው ቆመች። ልጇ ጭንቅላቱ ተቀዶ ሆስፒታል ተኝቷል። ይኑር ይሙት አታውቅም።

«ቢሞትስ፣ አያ ታከለ?» አለች።

«ቢሞት ይሄው አንገቴ። አፈር እንኳ አታልብሺኝ።»

እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች። አላነሣችውም። ከዚያ ከትናንት ጀምሮ ያላየሁት እንባ መጣ። «እጄ እምቢ አለኝ» አለች። «አልቻልኩም፤ ወርቄ፣ እርጂኝ። ቢሞትም ላነሣው ነው፣ ግን ብቻዬን አልቻልኩም።»

በአንድ ላይ አነሣነው። አጠገባቸው አስቀመጥነው። አያ ታከለ ቀና ሳይሉ የእማዬን እግር ሳሙ፣ እሷም ትከሻቸውን ይዛ እየጎተተች «ተው፣ ተው» ትላለች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ከበረንዳዋ ሆና ፖሊስ ልጥራ ወይ ብላ ትጮሃለች። «ፖሊስ ይቆይ፣ አምቡላንስ ጥሪ!» አልኳት።

ከዚያ እማዬ ወደ ናታን ዞረች። «አሁን ደም ያለብን እኛ ነን። ይህን ድንጋይ አንተ ትሸከማለህ» አለችው።

ተሸከመም! የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀድመውት፣ ያንኑ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ አያ ታከለ ወደተኙበት ሆስፒታል ሄደ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው ናታን በዕብራይስጥ «ይቅርታ ነው» አለው። ጠባቂው «ይቅርታህን ውጭ አስቀምጥ፣ ድንጋይ አይገባም» አለ። ስለዚህ አያ ታከለ ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ወደ በሩ ወረዱና በግራ እጃቸው አነሡለት። ፖሊስ ማን መታዎት ብሎ ሲጠይቃቸው «ወድቄ ነው» ብለዋል። ከዚያ ቃል ንቅንቅ አላሉም።

ኤሊ አልሞተም። ከሰንበት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። መናገር ተመለሰለት፣ መራመድ ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን እንደተጨበጠ ቀረ፤ ሹካ እንኳ አይይዝም። ጌም መጫወት አበቃ። ባራክ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ኤሊ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔም ያላልኩት የለም» ብሎ ተናገረለት፣ ቢሆንም ገባ።

እናንተ የምትሰሙኝ ሰዎች፣ ይቅርታ ያን ቀን አለቀ እንዳይመስላችሁ። እማዬ ድንጋዩን አነሣች እንጂ ከዚያ በኋላ የኤሊን ሸሚዝ ቁልፍ ስትቆልፍለት ባራክን የምትረግምበት ቀን ነበር። እኔም ረግሜዋለሁ። ተፀፅቼ ደግሜ ረግሜዋለሁ። ግን የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ አንገት ላይ አይጫንም፤ የእማዬ ሕግ ነው። ድንጋዩ አሁንም አለን፤ የባሕሩ ነፋስ እንዳይዘጋው የበረንዳውን በር ይይዝልናል።

ስለ «ዳርቻ» መጨረሻ ሰዉ አሁንም ይከራከራል። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ገብቼ «በእጁ ነው ወይስ በአንገቱ የተሸከመው? እስቲ አንገቱን እዩ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ «እህት፣ ጌሙ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ተውኩት።

ባራክ ከእስር ወጣ ሲሉ ሰማን። ጥቂት ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ባራክ ነው። ፀጉሩን ተላጭቷል። ሁለት እጆቹን ከጀርባው ደብቋል።

ኤሊ ከኋላዬ መጣ።

«ማነው?»

«ባራክ። እጁን ከኋላው አድርጓል። ምን እንደያዘ አይታየኝም።»

ኤሊ ቀዳዳውን አላየም። የተጨበጠ እጁን በደህናው እጁ ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ይፈራል፣ አውቀዋለሁ። «ዝም ልንለው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ የምለውን ታውቂያለሽ። ድሮም ያልኩት ነው። ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ባራክ ኤሊን አየ፣ ግራ እጁን አየ፣ አንገቱን ደፋ። ምንም አልያዘም ነበር። እጆቹን ከኋላው የደበቃቸው ስለሚንቀጠቀጡበት ነው።